ሊባኖስ ጓንቱን የጣለ ቀን

ፊልሞን ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርትመንቱ ቁጭ ብሎ፣ ስዊድን አገር አንድ ሰው ሲደበደብ አየ። በእሱ መስኮት የህዳር ፀሐይ ትገባለች፤ እዚያ ግን መሽቷል፤ የወረቀት ፋብሪካ ባለባት ትንሽ ከተማ ሕዝቡ የበረዶ ሜዳውን ከቦ ይጮኻል። ላፕቶፑ ላይ የሚመጣው ምስል ይቆራረጣል። ፊልሞን ለምዶታል።

ማታ ማታ ክሪስታል ሲቲ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ግን ማንም በማይከፍለው ሥራ ነው። የዋሽንግተኑ የበረዶ ሆኪ ቡድን መርጧቸው ገና ያልወሰዳቸውን፣ አውሮፓ እየተጫወቱ እንዲበስሉ የተተዉ ወጣቶችን ይከታተላል። ፊንላንድ አንድ በረኛ አለ፣ ቼክ ሁለት አጥቂዎች፣ ሩሲያ አንድ ግዙፍ ተከላካይ። ጨዋታቸውን በኢንተርኔት እየተከታተለ ማን ጎል አገባ፣ ማን ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋለ፣ የማን ጉልበት ተጎዳ ብሎ በየሳምንቱ ብሎጉ ላይ ይጽፋል። ደጋፊዎች ያነቡታል። በዘጠኝ ዓመቱ ነው ወደዚህ አገር የመጣው፤ ስለ ሆኪ የሚያውቅ ሐበሻ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር፣ ሊባኖስ እስኪመጣ።

ሊባኖስ ደምሴ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሰፈር ልጆች በነፃ በሚሰጥ ስልጠና ጀምሮ በሃያ ዓመቱ ቡድኑ መረጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መኸር ደግሞ ወደ ስዊድን ሁለተኛ ሊግ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ ፅጌ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከፊልሞን ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ። ልጁ የሄደ ሰሞን፣ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ፊልሞንን እጅጌውን ይዘው ጥግ አስያዙት።

«የልጄን ጨዋታ ታያለህ አሉ።»

«አንድም አያመልጠኝም፣ እትዬ።»

«እኔ ማየት አልችልም። ሲያልቅ ደውልልኝና በእግሩ መውጣቱን ብቻ ንገረኝ።»

«ጎል ማግባት አለማግባቱንስ?»

«እሱን ራሱ ይነግረኛል።»

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ይደውላል። «በእግሩ ወጥቷል፣ እትዬ።» «ተመስገን» ይሉና ይዘጋሉ። ሊባኖስ በዚያ መኸር ደጋግሞ ተደባድቧል። አንዱን አፍንጫውን ሰብሮታል። ፊልሞን ይህን አልነገራቸውም፤ ያም ሆኖ ሊባኖስ በእግሩ ነው የወጣው፤ ስለዚህ አልዋሸሁም ይል ነበር። የድብድቡን ቪዲዮ ግን እየቆረጠ ብሎጉ ላይ ይለጥፋል። ከሚጽፈው ሁሉ ይበልጥ የሚታየው እሱ ነበር።

ያን ቀን ነገሩ የተበላሸው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንደተጀመረ ነው። ኒክላስ የሚሉት የተጋጣሚው አጥቂ ከኋላ መጣና የሊባኖስን የእጅ አንጓ በመጫወቻ ዱላው ቀጠቀጠው። ሲቀጠቅጠው ነው ያመሸው፤ ዳኞቹ አንዴ እያዩ አንዴ ሳያዩ አልፈውታል። አሁን ግን ሊባኖስ ዞረ። ዱላውን ወረወረ፣ ጓንቶቹን ከእጁ አራገፈ። በሆኪ ጓንት መጣል ለድብድብ መጥራት ነው፤ ኒክላስ ግን የራሱን አልጣለም። ሰውን አናድዶ የሚያስቀጣ እንጂ የሚደባደብ ዓይነት አልነበረም፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሊሸሽ ሞከረ። ሊባኖስ በግራ እጁ የማልያውን ኮሌታ ጨምድዶ ወደ ራሱ ሳበውና በቀኙ ፊቱን አለው። ሁለተኛው ቡጢ ሄልሜቱን አወለቀው። በሚቀጥለው የኒክላስ ጉልበት ከዳው፤ በጀርባው ሲወድቅ ጭንቅላቱ በረዶው ላይ ያረፈበት ድምፅ በላፕቶፑ ትንሽዬ ስፒከር ሳይቀር ተሰማ።

እዚህ ላይ ያበቃል ሲል ፊልሞን ጠበቀ። አንድ ሰው ከወደቀ ያበቃል፤ በዚህ ጨዋታ ሕጉ ባይለውም ተጫዋቹ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሊባኖስ ግን ኮሌታውን አልለቀቀም። ደረቱ ላይ ተንበርክኮ መታው። ክንዱ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል። የኒክላስ እጆች መጀመሪያ ፊቱን ለመከለል ተንፈራገጡ፤ ኋላ በጎንና በጎን ተዘረጉ። ዳኛው ከኋላ አንገቱን አንቆ ሲጎትተው እንኳ ቡጢው እየወረደ ነበር። ምስሉ ቀጥ አለ። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ፣ በረዶው ላይ ደሙ በሙቀቱ እያቀለጠ ሰርጎ ነበር፤ አንድ ሐኪም በጎማ ጫማ እየተንሸራተተ ይሮጣል። ጩኸቱ ጠፍቶ አዳራሹ ፀጥ ብሏል። ሊባኖስን ሁለት ሰዎች ይዘው አስወጡት። በእግሩ ነበር የወጣው።

ፊልሞን ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ኒክላስን በቃሬዛ ሲያወጡት አየ፤ ጨዋታው ሲቋረጥ አየ። ስልኩ ጮኸ።

«አልደወልክም» አሉት ወይዘሮ ፅጌ። «አላለቀም?»

«አልቋል። በእግሩ ወጥቷል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ሌላ ልጅ ተጎድቶ ነው። በጣም ነው የተጎዳው።»

«ማን ጎዳው?»

ፊልሞን ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ መለሰ።

«ኮምፒውተርህን ይዘህ ና» አሉትና ዘጉት።

ለሥራ አለቃው አርፍዳለሁ ብሎ ቴክስት አደረገና በቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳ። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ አለዝበዋለሁ እያለ ቃል ሲመርጥ ሄደ፤ ወይዘሮ ፅጌ ግን በር እንደከፈቱ «ክፈተው» ነው ያሉት። የፋርማሲውን ነጭ ጋዋን እንኳ አላወለቁም። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተላቸው። ቆመው አዩት። የጭንቅላቱ ድምፅ ሲሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ወዲያው ገለጡት።

«መልሰው» አሉ።

መለሰው።

«ወደ ኋላ... እዚህ ጋ። አቁመው።»

የቆመው ምስል ላይ የሊባኖስ ግራ እጅ ኮሌታውን ጨምድዷል፤ ቀኙ አየር ላይ ነው። ወይዘሮ ፅጌ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፣ ግን አልነኩትም።

«እንዲህ ነበር የሚይዘኝ» አሉ።

«ማን?»

«አባቱ። ግሪንቤልት ሳለን። በግራው የቀሚሴን አንገት ይይዛል፣ እንዳልወድቅ። ከወደቅኩ መምታቱ አይመቸውማ።» የጋዋናቸውን አንገት ፈልቀቅ አድርገው፣ ጠሞ የገጠመ አጥንታቸውን አሳዩት። «ይኼን የሰበረው ሳህን በመስበሬ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ወድቄም አልተወኝም። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ጭንቅላቴን እያነሳ አጋጨው። ስነቃ ሊባኖስ በሩ ላይ ቆሟል። አራት ዓመቱ ነበር። አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ያያል። በነጋታው በጎረቤት መኪና ይዤው ወጣሁ፣ ወደዚህ መጣን። አያስታውስም ብዬ ነበር። አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅማ።»

ፊልሞን «እትዬ፣ ሆኪ ላይ እኮ ድብድብ ያለ ነው...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት። «ስንቴ ተደባድቧል?»

«አራት... አምስቴ።»

«በእግሩ ወጣ እያልክ ትደውልልኛለህ። የሰው ደም ረግጦ እየወጣ።»

ፊልሞን ሊያስተባብል አፉን ሲከፍት የወይዘሮ ፅጌ ስልክ ጠራ፤ ሊባኖስ ነበር። ፊልሞንም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቁት።

«ማም፣ አይም ኦኬ» አለ ልጁ። «የሆነ ነገር ካየሽ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

«ስለ አንተ አልጠየቅኩም። ልጁ እንዴት ነው?»

«ሰርጀሪ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም... አላውቅም። ማንም አይነግረኝም። ኮቹ ከቤት አትውጣ ብሎኛል።»

«ሲወድቅ ለምን አልተውከውም?»

«ምንም አይሰማኝም ነበር። አይ ስዌር፣ መውደቁን አላወቅኩም።»

«አባትህም በማግስቱ እንደዚሁ ነበር የሚለኝ።»

«ማም፣ ዶንት!» ብሎ ጮኸ። «እሱን አይደለሁም! እሱን አይደለሁም እኔ!»

«እንግዲያው ነገ ሆስፒታል ሂድ። ፊቱን እየው። እናቱ ካለች እሷንም እያት። ይቅርታ በል።»

«ወንድሙ እዚያ ነው። ቢያገኘኝ ይገድለኛል።»

«ይመታህ ይሆናል። እጅህን እንዳታነሳ።»

ፊልሞን ከዚያ በላይ አልቻለም። «እትዬ፣ ልጅዎን ነው እኮ የሚልኩት!» አለ።

ወይዘሮ ፅጌ ዘወር ብለው አላዩትም። «ሰማኸኝ፣ ሊባኖስ? እጅህን እንዳታነሳ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ፤ ጋዋናቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ፊልሞን ሥራ ሳይሄድ ቀረ።

ሊባኖስ በማግስቱ ሄደ። የሆነውን ፊልሞን በኋላ ከራሱ አፍ ነው የሰማው። የኒክላስ ወንድም እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠራ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያጨስ አገኘው። ሊባኖስ በማይችለው ስዊድንኛ ይቅርታ ብሎ አንድ ቃል ጀመረ። ሰውየው ሲጋራውን ጣለና በቡጢ አፉን አለው። ሊባኖስ ሁለት እጁን የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሰውየው ያን ሲያይ ይባስ አበደ። «አውጣ! እጅህን አውጣ!» እያለ መታው። ሊባኖስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ የኪሱን ጨርቅ ከውስጥ ጨብጦ እስኪተረትረው ያዘ። ጥርሶቹ ረገፉ። የግራ ዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት ብሏል። ሲወድቅ ሰውየው በቦት ጫማው ጎኑን ረገጠው፤ አንዴ ደገመው። ለሦስተኛው እግሩን አንስቶ ግን ቆመ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ከጎኑ ተቀምጦ እየጮኸ አለቀሰ። የሆስፒታሉ ጥበቃዎች የደረሱት ሁለቱ እንደዚያ ሆነው ነው።

ብሎጉ ላይ ግን ድግስ ነበር። ቪዲዮውን ሌሎች ለጥፈውት ደጋፊዎቹ «በአስቸኳይ ይምጣልን»፣ «እንዲህ ዓይነት ጨካኝ ነው የጎደለን» ይላሉ። ፊልሞን የድሮዎቹን የድብድብ ቪዲዮዎች በሙሉ አጠፋ። በምትኩ ኒክላስ ማን እንደሆነ፣ አሁን ምን ላይ እንዳለ ጻፈ። ሰደቡት። አንዱ አድራሻውን አፈላልጎ በሩ ላይ ቀይ ቀለም ደፋበት። እሱ ግን ቀለሙን ፍቆ መጻፉን ቀጠለ፤ የፊንላንዱ በረኛ፣ የቼክ አጥቂዎች፣ የኒክላስም ጤና፣ በየሳምንቱ።

ኒክላስ ነቃ። መራመድ በልምምድ ተመለሰለት፤ ንግግሩ ግን እየተጎተተ ቀረ፣ ሆኪም አከተመለት። ወንድሙን ሊባኖስ አልከሰሰውም። ሊባኖስን ግን የስዊድን ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ በገደብ ተፈርዶበት ሊጉም ለወቅቱ አገደው። የዋሽንግተኑ ቡድን የሰጠው ቀነ ገደብ ውል ሳይፈረም አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከተስፈኞቹ መሀል አልተነሳም።

በመጋቢት ደለስ ኤርፖርት ሲደርስ ፊልሞን ወይዘሮ ፅጌን ይዞ ሄደ። የልጁ የግራ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሲስቅ ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው። እናትየው አቅፈውት ብዙ ቆዩ፤ የሻንጣ ጋሪ የሚገፋው ሰው ሁሉ በዙሪያቸው ያልፋል። መኪናው ውስጥ እሳቸው ከኋላ ተቀመጡ። ሴቨን ኮርነርስ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሙ። ወይዘሮ ፅጌ ራሳቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሊባኖስ ወደ ፊልሞን ጠጋ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ አወራው።

«አይሰማኝም ነበር ያልኩት ውሸት ነው። መውደቁን አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፊልሞን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ፊልሞን መሪውን እንደያዘ ደነዘዘ። ከኋላቸው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ፅጌ ከኋላ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አባትህም ደስ ይለው ነበር። ፊቱ ላይ አየው ነበር።»

ሊባኖስ ወደ ኋላ ዞረ።

«እጅህን አታንሳ ብዬ ሆስፒታል የላክሁህ ለዚያ ነው» አሉት። «ሂድ፣ ፊልሞን፣ መንገዱ ተከፍቷል።»