የአቶ ሸዋንግዛው ለቅሶ

ባሏ ወንድሙ "አዲስ አበባ ይዣችሁ ልሄድ ነው" ያለ ዕለት ታቢታ መጀመሪያ የጠየቀችው ማን እንደሞተ ነበር።

"ማንም አልሞተም" አላት ጫማውን እየፈታ።

"ማን ታሞ ነው ታዲያ?"

"ማንም አልታመመም። ከተማውን ልናይ ነው፤ አይተን እንመለሳለን። መሥሪያ ቤቱ ጥቂት ቀን ዕረፍት ሰጥቶኛል።"

ታቢታ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ አየችው። እሷ ከሻሸመኔ አልፋ አታውቅም። በምታውቀው ሁሉ ሰው አዲስ አበባ የሚሄደው ሐኪም ቤት ሲጻፍለት፣ ክስ ሲኖርበት ወይም ቀብር ሲጠራው ነው። ለማየት ብሎ ልጆቹን አስከትሎ የሄደ ሰው አዋሳ ውስጥ አልሰማችም።

ወንድሙ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ባለቤቱ እያሉም፣ ሆቴሉ ከተወረሰ በኋላም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። ዓሣ ይበላሉ፣ ወደ ውሃው ወንበራቸውን አዙረው ይቀመጣሉ፣ ልጆቻቸው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በዳቦ ፍርፋሪ ያባብላሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። "ሰው ሁሉ መጥቶ የኛን ያያል። እኛስ የነሱን አናይም?" አለ። የስምንት ዓመቷ ጽጌሬዳ ይህን ስትሰማ ዘላ ተነሳች። ሰው ገብቶበት ቆሞ ወደ ላይ የሚወጣበት ሳጥን አዲስ አበባ እንዳለ ከክፍሏ ልጆች ሰምታለች። ታናሽ ወንድሟ ፍቅሬ ደግሞ አንበሳ ካላየሁ አለ።

ወንድሙ ከማግስቱ ጀምሮ የሆቴሉን እንግዶች ምን ምን እንደሚታይ ይጠይቅ ጀመር፤ ማታ ማታም የሰማውን ይዞ ይመጣል። አንዱ አንበሶቹን አይ ይለዋል፤ አንዱ አንበሶቹ አርጅተዋል፣ ይልቅ መርካቶ ግባ ይለዋል። አንዲት ሴትዮ መርካቶ ከገባህ ልጆችህን ታጣቸዋለህ አሉት። አንድ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ሹካውን አስቀምጦ፣ "ምን አለ ብለህ ነው? ሰው እኮ ከዚያ ሸሽቶ ነው እዚህ የሚመጣው" አለው። የመጀመሪያው ቀን ከጊዮርጊስ ይጀምር ወይስ ከስድስት ኪሎ፣ ወንድሙ እያወጣ እያወረደ ራሱ ግራ ተጋባ።

ታቢታን ግራ ያጋባት ግን የሰፈሩ ነገር ነው። ወሬው እንደወጣ አንዲት ጎረቤት አልጋዋን ትሸጥላት እንደሆነ በጆሮዋ ጠየቀቻት። "ማን ሊሸጥ?" ብትላት፣ "ኧረ ለኔ አትደብቂኝ፤ ልትቀሩ አይደል?" አለቻት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ወንድሙ ተሹሞ ነው ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ አላት። ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ እጇን ጨብጣ አለቀሰች። ታቢታ ለእያንዳንዱ "ለማየት ነው" ስትል ሰው ይስቃል ወይም "ይሁን፣ ምስጢርሽን ያዢ" ብሎ ያልፋል። እየቆየ እሷም ትጠራጠር ጀመር። ሰው ሁሉ የሚያየውን እሷ ብቻ ሳታየው ቀርታ ይሆን?

"ወንድሙ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለችው።

"እውነቱ ይኸው ነው።"

"ሌላ ነገር የለም?"

"ምን ሌላ ነገር?"

ፊቱን አጥንታ አየችው። ጥርት ያለ ፊት ነበር። ያ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ቀበሌ ሁለቱም ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ገብረጻድቅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተጠየቁትን ፈርመው ቶሎ ወደ ቤታቸው መሄድ የሚወዱ ሰው ናቸው።

"ለምን ጉዳይ?" አሉ እስክሪብቶአቸውን አንስተው።

"ለማየት" አለ ወንድሙ።

"ማንን?"

"ከተማውን፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

እስክሪብቶው እዚያው አየር ላይ ቀረ። "የታመመ አለ?"

"የለም።"

"ክስ?"

"የለም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የጸሎት ነገር ነው?"

ታቢታ ጴንጤ ናት፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ይህን ጥያቄ ማንም እንዲጠይቃት አትፈልግም። "አይደለም! በእውነት አይደለም" አለች ወንድሙን ቀድማ።

"ታዲያ ያለ ጉዳይ አራት ሰው ቤት ዘግቶ ይሄዳል?"

"ጓድ፣ ከዚያ የሚመጡትን ሰዎች እኮ ለምን መጣችሁ የሚላቸው የለም" አለ ወንድሙ።

"እነሱ ሊያርፉ ነው የሚመጡት።"

"እኔም ላርፍ ነው።"

"ለማረፍማ ሐይቁ ያለው እዚህ!" ሊቀ መንበሩ ግንባራቸውን አሹ። "ወንድሜ፣ ልከለክልህ አይደለም። ከላይ ቢጠይቁኝ ግን ምን ልበል? ሊያዩ ሄዱ ልበል? ምን ሊያዩ? ለምን ሊያዩ? ነገር ነው የምታመጣብኝ። ደህና ምክንያት ይዘህ ተመለስ።"

በሌላው ቀን ወንድሙ ሥራ ላይ ስለነበር ታቢታ ብቻዋን ሄደች። ዘመድ ታሞብን ልል ነው ብላ ከቤቷ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በልቧ እየተለማመደችው ደረሰች። ጓድ ገብረጻድቅ ቀና ብለው "እህ፣ ምክንያቱ ተገኘ?" ሲሏት ግን አፏ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

"አጎቱ ሞቱ" አለች።

ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ውይ! ነፍስ ይማር! እንዲህ አትሉኝም ነበር? ማን ይባላሉ?"

"አቶ... አቶ ሸዋንግዛው።" ከየት እንደመጣላት አታውቅም። በወንድሙም ሆነ በእሷ ወገን እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ጓድ ገብረጻድቅ ግን አልጠየቁም፤ ጽፈው፣ ማኅተሙን መትተው፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው እኔ ላመላልስ?" አሉ እያዘኑ።

ታቢታ ይለፉን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቤቷ ስትሮጥ ያሰበችው ወንድሙ ሲመጣ ቀስ ብላ እንደምትነግረው ነው። ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር ግን አልቀረም። ወሬው ከሷ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ድስት እንኳ ሳትጥድ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ፤ ወዲያው ድንኳኑ ተከተለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። "ለካ ይህን ነው ስትደብቂን የከረምሽው!" እያሉ አቀፏት። አልጋዋን ልትገዛ የጠየቀቻት ጎረቤት "ይቅር በይኝ" ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ታቢታ "እናንተ... እኔ እኮ..." ትላለች፤ ለቅሶው ይውጠዋል።

ወንድሙ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ድንኳን አየ። ያስተናጋጅ ነጭ ኮቱን እንደለበሰ ሮጠ። "እናቴን! እናቴን!" እያለ ገባ፤ እናቱ የሚኖሩት ቱላ ነው፣ ሰሞኑንም ትንሽ አሟቸዋል። ወንዶቹ ይዘው አስቀመጡት።

"እናትህ ደህና ናቸው፤ አጎትህ ናቸው" አሉት።

"የቱ አጎቴ?"

"የአዲስ አበባው፤ አቶ ሸዋንግዛው።"

ወንድሙ አፉን ከፍቶ ዙሪያውን አየ። አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዱ ትከሻውን ሲመታው፣ አንዱ ውሃ ሲሰጠው፣ የእናቱ ድንጋጤም ገና ስላልለቀቀው እንባው መጣ። ያን ጊዜ ለቅሶው ባሰ።

ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው፤ ከጎንደር በባላቸው ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቁጥብ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። አንድ ልጃቸው ራሽያ ለትምህርት ሄዷል። ያን ዕለት መሐል ወለል ላይ ቆመው ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

"እንዴት ያለ አገር ነው ልኬው የቀረ፣
ማን አልቅሶ ሸኘው ማንስ ቀበረ?"

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ታቢታ ግን ለቅሶዋ መሐል ቆም አለች። ልኬው? አቶ ሸዋንግዛውን፣ የሌሉትን ሽማግሌ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ የት ላኳቸው?

ወንድሙ ጓዳ ተከትሏት ገባ።

"አጎት የለኝም" አላት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነው የሞተው ታዲያ?"

"ማንም።" ይለፉን አውጥታ አሳየችው።

ማኅተሙን አየ፣ እሷን አየ፣ ድንኳኑን በበሩ ስንጥቅ አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ ስትገባ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሴትዮዋም "አይዞህ ወንድሜ፣ ለሁሉም የማይቀር ነው" ብላው ወጣች።

አሁን እውነቱን እንናገር አለች ታቢታ። ወንድሙ እንዴት ብለን አለ። ሰው ሥራ ፈቶ፣ እንባውን አፍስሶ፣ ደግሞም ቀበሌው ሰምቶ! ሲማከሩ የእድሩ ሽማግሌ ከውጭ ጠሯቸው። ሐዘንተኛ ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ ከሰፈሩ አንድ ሰው አብሮ እንዲሄድ ተወስኗል አሉ። ማን ይሂድ ሲባል ወይዘሮ ሙሉጌጥ ማንም ሳይጠራቸው ተነሱ። "እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

ስለዚህ ለአንበሳ የተነሱት ሰዎች ለቀብር በሚሄድ አጀብ ታጅበው ማለዳ መናኸሪያ ወረዱ። የልጆቹ የበዓል ልብስ ከሻንጣው ሥር ተደብቋል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ለብሰዋል፤ ለመንገድ በሶ እንኳ በጥብጠው ይዘዋል። ወንድሙ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሊያስጭን ሲሄድ ሴትዮዋ የፍቅሬን አፍንጫ ጠረጉለትና፣ "አይ ልጄ፣ አጎታችሁን ሳታውቃቸው" አሉት። ታቢታ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

"እትዬ ሙሉጌጥ፣ አጎት የሚባል የለም" አለች። "ይለፍ አጥቼ የፈጠርኩት ነው። እኛ ከተማውን ልናይ ነው የምንሄደው። ይቅር ይበሉኝ፤ ከፈለጉ ይምቱኝ።"

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ያልገባቸው መሰሉ። "የለም?"

"የለም፣ እትዬ።"

"ትናንት ያለቀስኩት ለማን ነው ታዲያ?"

ረዳቱ "አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!" እያለ ይጮሃል፤ ሰው እየተጋፋ ያልፋቸዋል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከአንድ ማዳበሪያ እህል ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ተናገሩ።

"ታምሩዬ ራሽያ አይደለም። እዚያው አዲስ አበባ፣ ተማሪ እያለ ነው የወሰዱት። ሬሳውን አላየሁም። ማልቀስ አይቻልም አሉኝ። አባቱም ሥራውን ፈርቶ ዝም በይ አለኝ፤ ይኸው እሱም ዝም እንዳለ ሞተ። ነጠላዬን እንኳ አላዘቀዘቅኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ራሽያ እላለሁ። ትናንት ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ አየሁና..."

ታቢታ አጠገባቸው ተንበረከከች። በእምነቷ ለሐዘንተኛ የምትጠቅሰው ቃል ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም። ይቅርታ ትጠይቅ ወይስ ታልቅስ፣ ልጆቿን ይዛ ትመለስ ወይስ ትሂድ፣ ሁሉም ተምታታባት።

"ወደ ቤት ላድርስዎት?" አለች በመጨረሻ።

"ለምን?" አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ዓይናቸውን ጠርገው። "ያን አገር እኮ አይቼው አላውቅም።" ተነሱ፤ ወደ አውቶቡሱም ከሁሉ ቀድመው ገቡ።

አዲስ አበባን እንዲህ አዩት። አንበሳው ተኝቶ ነበር፤ ፍቅሬ ሞቷል ብሎ አለቀሰ፣ ጅራቱን ሲያወራጭ ደግሞ ፈርቶ አለቀሰ። የአንድ ትልቅ ሕንፃ ዘበኛ ስለ ጽጌሬዳ ልመና ሲል በአሳንሰሩ አንዴ አወጣቸው፤ ወንድሙ ሆዱን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። የሚሄዱበት ሁለቴ ጠፍቷቸው እዚያው አደባባይ ተመለሱ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ያላዩት ነገር እንዲቀር አልፈለጉም። በየደረሱበት ታቢታን ጠጋ ብለው፣ "ይህን አይቶት ይሆን?" ይላሉ፤ ሐውልቱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ የፍራፍሬ መሸጫውን፣ የዩኒቨርሲቲውን አጥር እያዩ። ታቢታም "አይቶታል፣ እትዬ፤ በዚህ ሳያልፍ አይቀርም" ትላለች፤ የምታውቅ ይመስል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፣ ቀጥሎ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ "ያ ምንድን ነው?" ብለው ይጠቁማሉ። ሲመሽ ታቢታ ደስ ብሏት ይሁን አዝና ራሷም መለየት አቃታት። ወንድሙ ከተማውን እንዴት አገኘሽው ሲላት፣ "እንጃ" አለችው፤ እውነቷን ነበር።

አዋሳ ሲመለሱ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጥቁራቸውን አላወለቁም። ለጎረቤት አጎት ይህን ያህል ይታዘናል ወይ ብሎ ሰፈሩ ተገረመ፤ ታቢታን ሲጠይቋት "ልባቸው ሩኅሩኅ ነው" ትላለች። ዓመቱ ሲሞላ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ለአቶ ሸዋንግዛው ተብሎ የሙት ዓመት ድግስ ደገሱ። ታቢታ በእምነቷ ሙት ዓመት ባታወጣም ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ወጥ ስታማስል ዋለች። ጠዋት ቄሱ መጡና የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ግቢ የተቀመጠውን ሰው በዓይናቸው ቃኙ፤ ከዚያ ወደ ቄሱ ጆሮ ጎንበስ ብለው ነገሯቸው። ታቢታ ከጉልቻው አጠገብ ነበረች፤ ስሙን አልሰማችም። እሳቱን ቆስቁሳ ድስቱን ከደነች።