ቀለሙን ባለመኪናው ይጥራ

መለሰ ሁለት ነገር መቀጠል ይችልበት ነበር፤ ሽቦና ወሬ። የመኪና ኤሌትሪክ የሚያሠራ የጅግጅጋ ሹፌር ሁሉ ለሁለቱም ይመጣል። አዲጋላ ላይ ስንት ዘመን የቆመውን አሮጌ ባቡር በአንዲት የሞተር ሳይክል ባትሪ አስነስቶ ድሬዳዋ እንዳደረሰው፣ ባቡሩም የሚቀበለው ሰው ሲያጣ አኩርፎ በራሱ ጊዜ እንደተመለሰ ያወራል። ሽንሌ ላይ ደግሞ መኪና እንዳይገጭበት ብሎ ለአንድ ሰውዬ ግመል ጭራው ላይ መብራት ገጠመለት፤ ግመሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍም። ፍሬቻ ሳያሳይ የታጠፈ ላንድክሩዘር ካየማ ምራቁን ነው የሚተፋበት።

ካለፈው ረመዳን ወዲህ አንድ አዲስ ወሬ ጨመረ። ባለመኪናው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም በአፉ ካልጠራ መብራቱ ወር አይሞላም አለ።

"ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?" ይሉታል።

"ቶጎ ውጫሌ ላይ መኪናው የተበላሸበት አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው የነገረኝ። ሽቦ እንደ ጥጃ ነው፤ የጌታውን ድምፅ መልመድ አለበት።"

ሰዉ እየሳቀ ይጠራለታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ባለጥቁር መስመር። መለሰም በሰማው ይቀጥላል። አንዱ ሹፌርማ ሌላ ጋራዥ ሄዶ "ቀለም ሳታስጠሩ ነው እንዴ የምትሠሩት?" ብሎ ተጣልቷል አሉ።

እውነቱ ከጥጃም ከጃፓንም አይገናኝም። የመለሰ ዓይን እየሄደ ነበር። መጀመሪያ የሸሸው ቀይ ነው፤ ብዙ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ፣ ከዚያ አመድ ሆነ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሰው ቁመና፣ የመኪና ቅርጽ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታየዋል፤ ሽቦ ሲይዝ ግን ሁሉም አንድ ነው። ድሬዳዋ ያየው ሐኪም ወሬ አላበዛም። "የዓይንህ ነርቭ ነው። የሞተው አይነሳም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም።" ለሚስቱ ለእስከዳር ግን "ሽቦ ልገዛ ነው የሄድኩት" አላት። እንዳትጠረጥርም ሁለት ጥቅል ሽቦ ተሸክሞ ገባ። ቀለሙን ሻጩ ነው የመረጠለት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ አልለመደም። ስለዚህ በየማለዳው የመሣሪያ ሳጥኑን ሲከፍት የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዛሬም አይታወቅብኝ።

አንድ ጠዋት ዐያንሌ ሚኒባሱን ከፊቱ ገተረ። ከጅግጅጋ አውበሬ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ከመኪናው ገና ሳይወርድ ድምፁ ይቀድመዋል።

"ዋርያ መለሰ! ግመል አላመጣሁልህም፣ አትከፋ!"

"ግመል ይሻለኝ ነበር። ግመል ሥራ ላይ ቆሞ አይለፈልፍም።"

ዐያንሌ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ትንሽ ቂም ነበረበት። ምክንያቱን መለሰም ያውቀዋል። ባለፈው ወር ዐያንሌ ሽንሌ ወርዶ፣ ሰው በሞላበት ሻሂ ቤት ገብቶ፣ ባለፍሬቻውን ግመል የት እንደሚያገኘው ጠይቋል። ዛሬም ሽንሌ ሲገባ ሰዉ ጣቱን እንደ ፍሬቻ እያርገበገበ ነው የሚቀበለው።

"ምን ልሥራልህ?"

"ያ የአውበሬ አቧራ ሊያስጨርሰኝ ነው። የፍሬን መብራቴ ትንሽ ናት፤ አቧራ ስትለብስ ከኋላዬ ያለው ፍሬን መያዜን አያይም። ባለፈው ሳምንት አንድ አይሱዙ ሊጨፈልቀን ለጥቂት ነው የሳተን። አሥር ሰው ጭኜ!" ታይዋን ከሚባለው ገበያ የገዛቸውን ሁለት ቀጫጭን የኤልኢዲ መብራቶች አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። "የኋላ ፓራውልቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ።"

መለሰ መብራቶቹን ዳበሳቸው። ከእያንዳንዳቸው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ሽቦዎች ወጥተዋል። አንዱ ለፍሬን፣ አንዱ ለፓርኪንግ፣ አንዱ ከመኪናው ብረት ጋር ለሚታሰረው ለማሳ። ውፍረታቸው አንድ፣ ልስላሴያቸው አንድ። ከቀለም በቀር መለያ የላቸውም። እምቢ ቢል ደግሞ ለምን ይባላል።

ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባ። እጁ ለብቻው ሲሠራ አሁንም ያስቀና ነበር። የድሮውን አንጸባራቂ በመፍቻ ፈልቅቆ አወጣ። ፓራውልቱን በሳ፤ ሽቦው እንዳይፋቅ ቀዳዳውን ጎማ አለበሰው። መብራቶቹን አስሮ ሽቦውን እስከ ፍሬን መብራቱ ድረስ ሳበ። የመኪናውን የራሱን ሽቦዎች ከነቦታቸው በቃሉ ያውቃቸዋል። ከማዶ ዣንጥላ ሥር ሻሂ የምትሸጠው ሀምዲያ ብርጭቆ ስታንኳኳ ይሰማዋል።

"እሺ፣ በል ጥራ" አለ።

ዐያንሌ ተንበርክኮ አንዱን ሽቦ አቀበለው። "ጥቁር።"

መለሰ ከብረቱ ጋር አሰረው። "ቀጥል።"

"ቀይ።" የዐያንሌ ድምፅ ታነቅ አለ፤ ለመለሰ አቧራ የገባበት መሰለው። ቀዩን ከፍሬኑ ጋር ቋጠረው።

"ሮዝ።"

"ሮዝ?"

"ሮዝ ነው ዋላሂ። አይታይህም እንዴ?"

መለሰ በሃያ ዓመት ውስጥ ሮዝ የመብራት ሽቦ ገጥሞት አያውቅም። "አይታየኝም ይለኛል እንዴ! አውቀዋለሁ። ጃፓኖች ለሙሽራ መኪና የሚሠሩት ነው፤ ተሳስተው ልከውልሃል።"

ከዣንጥላው በኩል የታፈነ ሳቅ ሰማ። ቀልዱ የያዘለት መስሎት ደስ አለው፤ ሮዙንም አሰረው። ሌላኛውን መብራት በዚያው አኳኋን ጨረሱ።

"ግባና ፍሬን ርገጥ" ብሎ ከሥር ወጣ። የዚህ ሥራ ወግ ይኸው ነው፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ያያል።

"በራ?" ሲል ዐያንሌ ከውስጥ ጮኸ።

መለሰ አጎንብሶ መዳፉን አስጠጋ፣ ከዚያ ቀና አለ። "በራ! ሐረር ድረስ ይታያል! አሁን ከተራራው ላይ የሚደውሉልህ ይኖራሉ!"

የመኪናው በር ተከፈተ። ዐያንሌ ሆዱን ይዞ እየሳቀ መጣ። "ገልብጬ ነው የጠራሁልህ! ቀዩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ቀይ፣ ቢጫዋን ሮዝ! ይሄ ለሽንሌው ግመል ነው! ይሄ..." ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። "ቆይ እስቲ። በራ ነው ያልከኝ?"

"ምንም አልበራም እኮ" አለች ሀምዲያ ከማዶ።

"አውቄ ነው" አለ መለሰ ቶሎ ብሎ። "ስትቀልድ ልቀልድብህ ብዬ ነው።"

"እሺ።" ዐያንሌ ቋጠሮውን ፈትቶ ሦስቱን ሽቦዎች መዳፉ ላይ ዘረጋለት። "በል ቀዩን ስጠኝ።"

መለሰ አየ። አመድ፣ አመድ፣ አመድ። ከሦስቱ አንዱን ይዞ፣ እርግጠኛ ሰው እንደሚያደርገው ሳብ አድርጎ ሰጠው።

"ቢጫ ነው የሰጠኸኝ" አለ ዐያንሌ በዝግታ።

ሀምዲያ ብርጭቆ ማንኳኳቷን አቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው ዐያንሌ።

"አንድ ቀን ከፀሐይ ጋር ተወራረድን" ብሎ ጀመረ መለሰ። "ዓይን ለዓይን ተፋጠን፣ ቀድሞ የጨፈነ..." ወሬው ከዚህ አልሄድ አለው። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን በሐኪሙ ቃል፣ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ነገረው።

"ውሸት ነው በለኝ" አለ ዐያንሌ። "እንደ ግመሉ ነው በለኝ፣ አልቆጣም።"

"እሺ፣ ውሸት ነው።"

ዐያንሌ ፊቱን አዞረ። "ከረመዳን ወዲህ የስንት መኪና የፍሬን መብራት ሠራህ?" አለ።

"አሥራ አንድ።"

"ሁሉንም በራ ብለሃቸዋል?"

"አምፖል ሲበራ ይሞቃል። መዳፌን አስጠግቼ ነበር የማውቀው። ይሄ የአንተ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በርቶም አይሞቅም። በርቷል ያልኩህ... እንዲበራ ስለፈለግሁ ነው።"

መናኸሪያ ተሳፋሪ እየጠበቀው ነበር። ዐያንሌ ካርቶኑ ላይ ራሱ ተኛ፤ መለሰ ቁጢጥ ብሎ በአፉ መራው። "ጥቁሩን ከብረቱ። የብረቱን ቀለም ፋቅ አድርገህ፣ አጥብቀህ። ቀዩን ከፍሬኑ፣ ቢጫውን ከፓርኪንጉ። አሁን በፕላስተር ጠቅልል፤ ውኃ እንዳይገባ ወደ ላይ ነው የሚጠቀለለው።" የዐያንሌ እጅ ሲንደፋደፍ እየሰማ የራሱ ጣቶች ባዶ አየር ላይ ይጠመዘዙ ነበር።

ዐያንሌ ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ።

"በራ?"

መለሰ መዳፉን በአንዱ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ። በሌላው ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ። ዓይኑን እስኪያመው ድረስ አጥብቦ አየ፤ ፀሐይ ብቻ። አሥሩን ሰው አሰበ፤ በአቧራው ውስጥ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ አሰበ። "በራ" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ነበር።

"መለሰ! በራ ወይ?"

"አላውቅም" አለ።

ሀምዲያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተሻግራ መጣች። መለሰ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደላት። እሱ በቆመበት ቆማ አየች።

"በርቷል። ሁለቱም።"

"ቀይ ነው?" አላት መለሰ።

"ደም የመሰለ ቀይ።"

ዐያንሌ ሊሄድ ሲል ወርዶ ትከሻውን ያዘው። "ለማንም ትንፍሽ አልልም። እናቴን።"

"ተናገር" አለ መለሰ። "አሥራ አንዱንም መናኸሪያ ታገኛቸዋለህ። ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላቸው።"

"እንደዚያ ካልኩ እኮ ከእንግዲህ አንድም ሰው..."

"ዛሬውኑ ንገራቸው።"

ሚኒባሱ ሄደ። መለሰ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ ወደ ሳጥኑ መለሳቸው። ሀምዲያ ያልጠየቃትን ሻሂ አምጥታ እጁ ውስጥ አስያዘችው፤ እንዳይደፋበት ጣቶቹን በብርጭቆው ዙሪያ አጠፈችለት። ለካ ስንት ወር እንዲህ ስታደርግ ነበር።

ሻሂው ሳያልቅ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። "መለሰ ኤሌትሪኩ እዚህ ነው አሉኝ። ጡሩምባዬ እምቢ ብሎኛል።"

"ወደ መናኸሪያው ውረድ። ኸሊል የሚባል አለ" አለ መለሰ።

"ሥራ ይችላል?"

"ያያል" አለ መለሰ።