የጸዳል መጨረሻ

«ጠበል ሄዷል በያት» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎጃም ነው፣ ይቆያል በያት። ለሰባት ዓመት ልጅ መርዶ ይነገራል እንዴ?»

ማራኪ ስልኳን እንደያዘች ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተክለሃይማኖት ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የእድሩ ድንኳን አግዳሚ ወንበሮች ሞልተዋል፤ የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይገባል፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ፣ ስለ ቤት ኪራይ አንሾካሽኮ ይወጣል። ሰው ምን ያድርግ፣ ለቅሶ ቤትም ወሬ አያልቅበትም። ልጇ ዮርዲ ግን አያቷ ሆስፒታል ተኝተዋል ብላ ነው የምታምነው። ዋይታውን እንዳትሰማ ጎረቤታቸው ከበደች ዓለም ባንክ ሰፈር ዘመዶቿ ቤት ወስዳ አቆይታት ነበር። አሁን ደውላ፣ ልጅቷ ከወተት በቀር እህል አልቀምስም፣ እጄንም አልታጠብም ብላ አስቸግራለች፣ በታክሲ ይዣት እየመጣሁ ነው አለች። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከወረዱ ድንኳኑ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ድንኳን ያየ ልጅ ደግሞ አስረጂ አያስፈልገውም።

እትዬ ወለተጻድቅ ክፉ ሆነው አይደለም። ታናሽ ወንድማቸውን ነው የቀበሩት። እሳቸው ባደጉበት አገር መርዶ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገር ነው፤ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፣ ቀስ እያለ ይረሳዋል ይላሉ። ማራኪን የጨነቃት ግን ሌላ ነው። ዮርዲ ገና ስታያት ስለ ዕንቁው እንደምትጠይቃት ታውቃለች።

ጋሽ ተክለሃይማኖት የልጅ ልጃቸውን ጠዋት ጠዋት ሲያደርሱ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚወራ አንድ ታሪክ ነበራቸው። ፀሐይ በማትደርስበት፣ ከተራራ ሥር ባለ አገር፣ ጸዳል የሚባል ዕንቁ አለ። ጸዳል የሚያበራው በተጨበጠ እጅ ውስጥ ብቻ ነው፤ ልየው ብሎ መዳፉን የዘረጋ በጨለማ ይዋጣል። ባለቤት የለውም፣ ያለው ጠባቂ ነው። ጠባቂውም ከእሱ የባሰ የጨለመበት ሰው ካገኘ ሊሰጠው ግድ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ዕንቁውን ይዞ ተራራውን ይወጣል፤ ዛሬ ዘንዶ ይገጥመዋል፣ ነገ የአሸዋ ወንዝ። ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ ሽማግሌው ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው። ጋሽ ተክለሃይማኖት ባዶ እጃቸውን የዮርዲ መዳፍ ላይ ያሳርፉና፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፈው «እስክንገናኝ ያዢልኝ» ይሏታል። ከሰዓት ሲወስዷት ትመልስላቸዋለች።

ማራኪ መጨረሻውን ታውቀዋለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን፣ አባቷ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሱቁ ውስጥ ጠበቋት። ያ መኪና በሥራ ቀን ቆሞ አይታ አታውቅም። ተራራው ጫፍ ላይ በር አለ አሏት፤ ዕንቁው በዚያ በር አያልፍም። ጠባቂዋ ለምትወዳት ልጅ ሰጠችውና ብቻዋን ገባች፤ በሩም ወደ ኋላ አይከፈትም። ከዚያ «ጠባቂዋ እናትሽ ናት» ብለው ጣቶቿን አጠፉላት። ማራኪ ሰልስት እስኪወጣ ያንን እጇን አልዘረጋችም። በግራዋ ስትበላ እትዬ ወለተጻድቅ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋታል።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ደግሞ ወዴት ነው? ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ አባዬ እኔን አልዋሸኝም» አለች ማራኪ።

አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ደረቡላት።

ማዞሪያው ላይ ዮርዲ ከታክሲው ስትወርድ ቀኝ እጇ ተጨብጧል። ማራኪ ያኔ ነው የገባት። ልጅቷ ያልበላችው፣ ያልታጠበችው ለዚህ ነበር። ጋሽ ተክለሃይማኖት ትምህርት ቤት አድርሰዋት ሲመለሱ ነው የወደቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አራት ቀን ሙሉ ዕንቁውን ይዛለች።

«አባባ ሳይቀበለኝ ቀረ» አለች ዮርዲ። «ሽማግሌው ደረሰ?»

ከበደች ፊቷን አዞረች። ማራኪ ልጇን በተዘጋው የጋሽ ተክለሃይማኖት ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀምጣ መጨረሻውን ነገረቻት። አንዱንም አልዘለለችም፤ በሩን፣ ዕንቁው እንደማያልፍ፣ ሽማግሌው ብቻውን እንደገባ። ዮርዲ የሱቁን ቁልፍ እያየች ሰማች።

«ሽማግሌው አባባ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«በሩ አይከፈትም?»

«አይከፈትም።»

ማራኪ እንግዳ ስታስተናግድ ሰንብታ፣ ቀብሩ ላይ እንኳን አላለቀሰችም ነበር። አሁን ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ የታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ በሚጠራበት መንገድ ዳር፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ዮርዲም ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻት። የማራኪን ቀኝ እጅ ስባ መዳፉን ዘረጋችው፣ ጭብጧን እላዩ ላይ ፈታችው፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት። ባዶ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና «ራበኝ» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ወለተጻድቅ ለሁለቱም የሚሆን ምግብ በአንድ ሳህን ይዘው መጡ። ዮርዲ ታጥባ መብላት ጀመረች። ማራኪ ግራ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። እትዬ ግራዋን አዩ፣ ጭብጧን አዩ። አጠገቧ ተቀመጡና እንጀራውን ራሳቸው እየቆረሱ ያጎርሷት ጀመር።