ዳሩ ያልተበላ ጎማ

ጥርስ ሠሪው ሞተር የሚወድ ሰው ነው እንጂ ሞተር የሚደፍር ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ ጉድ ሲፈላ ማንም አልነገረንም እንዳትሉ። ሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሲሞርድና ሲያለሰልስ ይውላል። ከእሱ እጅ የወጣ ጥርስ ከእናት ሆድ ይዘውት ከመጡት ይበልጣል ይሉለታል፤ ሐሰትም የለበትም። ታዲያ ያ ባለሙያ እጅ ሞተር ላይ ሲወጣ የሚያውቀው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው።

ሞተሯ ግን የቤቱ ምሰሶ ነች። ጠዋት ጠዋት ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ልብስ ስፌት ቤቷ ደጃፍ ያወርዳትና ወደ ሥራው ያልፋል። እነዚህ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ መነጋገር አይችሉም። ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ እናቱ የሬዲዮኑን ድምፅ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ትለቀዋለች፤ ማታ ደግሞ ሁለቱም ጎናቸው ፍራሽ ከነካ የሉም። ስለዚህ የትዳሩ ወግ ሁሉ የሚያልቀው ሞተር ላይ ነው። እሷ አገጯን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ በጆሮው ታወራለታለች፤ የትኛው ልጅ ቁንጥጫ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛዋ ደንበኛ ወፍራ ወፍራ ጥፋቱን በቀሚሱ እንዳላከከች። እሱ ሄልሜት ውስጥ ሆኖ መመለስ ስለማይችል ጉልበቷን በግራ እጁ መታ ያደርጋል። አንዴ ከሆነ እሺ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ እምቢ። ሁለቴ የመታበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ሰውየው ይህችን የጠዋት መንገድ ከምንም ነገር አብልጦ ይወዳታል፤ አፍ አውጥቶ ግን ነግሯት አያውቅም።

ችግሩ በአንድ ዝናባማ ጠዋት መጣ። የሰው ጥርስ ማለቁን ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚለይ ሰው፣ የገዛ ጎማው ጥርስ ማለቁን አላየም። የእግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም ላይ ሲደርሱ የኋላው ጎማ እንደ ሳሙና ሙልጭ አለ። አልወደቁም፤ እግዜር ይመስገን። ነገር ግን የሚስቱ አንድ ጫማ ተፈናጥሮ ቦይ ገባ፤ አቅፋው የነበረው የደንበኛ ነጭ ቀሚስም ጭቃ ጠጣ። ወረደች። በአንድ ጫማ ቆማ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ ጎማ እስኪቀየር ድረስ ከኋላው እንደማትቀመጥ ነገረችውና ወደ አውቶቡስ መጠበቂያው አነከሰች።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አጅሬ ብቻውን እየነዳ እጁ ልማዱን አልተወም፤ ግራ እጁ ወደ ኋላ ሄዶ ባዶ አየር መታ ያደርግ ነበር። በመኪና ያሉ ሰዎች ሰላምታ መስሏቸው ይመልሱለታል። ጆሮው ውስጥ ነፋስ ብቻ ሆነ፤ በገዛ ቤቱ ምን እየተደረገ እንደሆነ እንኳ የሚነግረው ጠፋ።

ጎማ ይገዛል፤ እሱስ ቀላል ነው። ግን ምን ዓይነት ጎማ? ሚስቱ ውኃ የሚተፋ፣ ቦዩ የጠለቀ፣ ቶሎ የማያልቅ ይሁን አለች። በሌላ በኩል የእሁድ ጓደኞቹ አሉ። እነዚህ ትንሹ አርባ ያለፈው፣ ሆዳቸው የነዳጅ ታንኩ ላይ የሚያርፍ፣ እሁድ እሁድ ከከተማው ወጥተው ተራራውን በሚዞረው ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ልጅ የሚፈነጥዙ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ አንድ ጊዜ ኩርባ ላይ ሞተሩን በጣም አጋድሎ ጉልበቱ አስፋልት ስለነካ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ «ጉልበቴ» እያለ ስለሚጀምር፣ ስሙም ጉልበቴ ሆኖ ቀረ። ጉልበቴ እንደ ማስቲካ ከሚጣበቅ ለስላሳ ጎማ በታች ያለውን ሴት አያቶች ናቸው የሚነዱት ብሎ አስጠነቀቀው። ጥርስ ሠሪው ይህን ለሚስቱ በዘወርዋራ ሲያነሳባት፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ጎማ ቤቱ ውስጥ ሻጯ እትዬ በጎማ ክምር ላይ ንግሥት መስለው ተቀምጠዋል። በየትኛው ቀን እንዴት እንደሚነዳ ጠየቁት። ሥራ ቀን በቀስታ፣ እሁድ እሁድ ግን ኩርባውን አጋድሎ እንደሚበላው ነገራቸው። እትዬ ከጫማው እስከ አንገቱ አዩት፤ ደንበኛ ነውና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ከዚያ ለስላሳውን አውጥተው ጥፍራቸውን ቀረቀሩበት። ይሄ ኩርባ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ይጣበቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ ቀጥ ባለ መንገድ ሥራ ከተሄደበት መኻሉ ቶሎ ተበልቶ እንደ ጠረጴዛ ይደለደላል፤ በብርድ ጠዋት ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ ያኮርፋል አሉት። ጠንካራውን አሳዩት፤ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሲያጋድሉት ግን ልብ አይጣልበትም። በመጨረሻ ሦስተኛውን ጎተቱ። መኻሉ ጠንካራ፣ ሁለቱ ዳሮቹ ለስላሳ፣ ቦዩም ውኃ የሚያወጣ።

«መኻሉ ለሚስትህ፤ ዳሩ ለጓደኞችህ» አሉት።

ሁለት ዛፍ የሚወጣ ጎማ ተገኘ! ሲያስገጥሙለት፣ አዲስ ጎማ ላዩ ሙልጭልጭ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ መንዳት እንዳለበት መከሩት። ይህን ምክር እንደ እሱ ያከበረ ደንበኛ ጎማ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አልገባም።

ሚስቱም ጎማውን መረመረች። አውራ ጣቷን ቦዩ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ስፌት ጎተት ጎተት አድርጋ አይታ፣ ሄልሜቷን አነሳች። በማግስቱ ጠዋት ወሬው ካቆመበት ቀጠለ። ያመለጠውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ ስትነግረው ሰውየው መንገዱ እንዳያልቅበት ዞር ባለው በኩል ነዳ።

እሁድ ሲመጣ ግን የጓደኞቹ ሥርዓት ጠበቀው። እነዚህ ሰዎች ነዳጅ ማደያው ጋ ሲገናኙ ከሰላምታ በፊት በየተራ ተንበርክከው የጓደኛን ጎማ ዳር ያያሉ። ሞተር ኩርባ ላይ በደንብ ከተጋደለ ጎማው እስከ ጠርዙ ይበላል፤ ካልተጋደለ ዳር ዳሩ ላይ አዲስ እንደሆነ የሚቀር መስመር አለ። ይህን መስመር «ፈሪ ዳር» ይሉታል። የጥርስ ሠሪው ፈሪ ዳር ሁለት ጣት ይሞላል፤ ከፋብሪካ የመጣው የጎማ ጠጉር እንኳ አልረገፈም። ጉልበቴ በጣቱ ለካና፣ ይህቺን ለልጅ ልጆችህ ልታወርሳት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ሰኞ የምሳ ሰዓት ሞተሯን በጓሮ በኩል ወደ መሥሪያ ክፍሉ አስገባት። ሐሳቡ ዳሩን ትንሽ ሸካራ ማድረግ ብቻ ነበር፤ በመሞረጃዋ ማሽን አንድ ሁለቴ ነካ ነካ። ይሁንና ባለሙያ እጅ ግማሽ ሥራ አያውቅም። አንዱን ጎን ሲጨርስ ሌላው ቅር አሰኘው። ሌላውን ሲጨርስ የመጀመሪያው በፀጉር ያህል በለጠበት። በሻካራ ሞረደ፣ በልዝብ ሞረደ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ግራውን ከቀኙ በመለኪያው እያስተያየ አቃና። ጥቁሩ ብናኝ መደርደሪያው ላይ ባሉት ነጫጭ ጥርሶች ላይ አረፈና የሚያጨሱ አዛውንቶች መንጋጋ አስመሰላቸው። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየው። አፈረ፤ ግን ደስም አለው፤ ሥራው ያምር ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ጉልበቴ ተንበረከከና ቶሎ አልተነሳም። የእሱ ጎማ እንኳ በአንድ ጎን ይበልጥ እንደሚበላ፣ ግራና ቀኙ እንዲህ እኩል የተበላ ጎማ አይቶ እንደማያውቅ ለሁሉም አወጀ። ጥርስ ሠሪውን ከጉልበቴ ቀጥሎ ሁለተኛ አሰለፉት። ኩርባዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፉትና መጨረሻ ሲደርስም ክብሩ አልቀነሰም፤ እኛን ላለማሳፈር ብሎ ነው ተባባሉ። ሰው ማመን የፈለገ ዕለት እንዲህ ነው።

ጉልበቴ አፉን ቢይዝ ኖሮ ነገሩ እዚያ ባለቀ ነበር። ግን የሱሪውን ጉልበት በቆዳ ለማስጠገን ሚስትየዋ ስፌት ቤት ሄደ፤ ምርቃት ያደረገ መስሎትም ባሏን አመሰገነላት። ባልሽ ሞተሩን እስከ ጎማው ጠርዝ የሚያስተኛ ሰው ነው፣ ከእኛ መኻል እንደ እሱ ሞትን የናቀ የለም አላት። መቀሷን አስቀመጠች። አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ጎማውን ስትዳስስ ልጆቹ አዩዋት። በማግስቱ ጠዋት ሄልሜቷን አላነሳችም።

«የልጆቼን አባት አስፋልት ላይ እየጎተትክ፣ እኔ ከኋላህ ተቀምጬ ወሬ ላውራልህ?» አለችው።

ምን ይበላት? መሞረዱን ቢናገር ወሬው ወደ ጉልበቴ ለመድረስ አንድ የተቀደደ ሱሪ ይበቃዋል። ጀግና ሆኖ ዋለ። ጀግንነት ግን በጆሮ አያወራም፤ አገጩንም ትከሻ ላይ ጣል አያደርግም። በየጠዋቱ አውቶቡሱ ቀድሞት ሲሄድ በኋላው መስኮት የሚስቱን ማጅራት እያየ ነዳ። አንድ ቀን ዞር ብላ አየችውና ፊቷን መለሰች፤ ያ ቀን ሥራ አልገባለትም፤ የታችኛውን ጥርስ ለላይኛው ሠርቶ አፈረሰው።

እሁድ ነዳጅ ማደያው ጋ ተሰብስበው ሳለ አውቶቡስ ቆመ። ሚስቱ ወረደች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ቀጥታ ወደ ጉልበቴ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ይህን ሰው ይተዉልኝ።»

ጉልበቴ አልከፋውም፤ እንዲያውም ኮራ። ለማታውቅ ሴት ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው እጇን ይዞ ወደ ጎማው ወሰዳትና፣ እንዲህ አድርጎ የሚያጋድል ሰው እንደማይወድቅ አስረዳት። ሌሎቹም ከበቡ። እሷ ግን ጎማውን አላየችም።

«ይሄን አይቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አለች። «ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌ ጣቴን እየወጋኝ ነው።»

ጥርስ ሠሪው ጣቶቿን አየ። እውነትም በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ከዚህ በኋላ ምላሱ ራሱ ቀደመው።

«ሞርጄው ነው» አለ።

ማንም አልገባውም።

«በመሞረጃ ማሽኔ ነው የሞረድኩት። በብርጭቆ ወረቀትም አለስልሼዋለሁ። እኔ ኩርባ ላይ እፈራለሁ፤ ሁልጊዜም ነው የምፈራው።»

ጉልበቴ ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ያንን ሲያደንቀው የነበረ እኩልነት እንደገና አየው፤ እንዲህ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ ጎማ የሚበላ መንገድ እንደሌለም አሁን ገና ተገለጠለት። ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደች። በማድነቅ ነው በመናደድ ለጊዜው አልታወቀም። ከዚያ ሳቁ ከሆዷ ተነሳ፤ የኩራዝ ያህል ጀምሮ እንባዋ እስኪወርድ አንበረከካት።

«ፈሪ ለእናቱ ይላሉ» አለች ዓይኗን በሜትሯ እየጠረገች፤ «የኔ ደግሞ ለሚስቱ።»

ከሞተሯ ኋላ ተንጠልጥሎ የከረመውን ትርፍ ሄልሜት ፈታችና ከባሏ ኋላ ወጣች። ተራራው በዚያ እሁድ ያለ ጥርስ ሠሪው ዋለ። ሲነሱ ግን ከኋላ ከቆሙት አንዱ ጠጋ ብሎ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራው ነው ወይስ ለስላሳው ሲል በሹክሹክታ ጠይቆታል፤ ስሙን አናነሳም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲሄዱ ወሬው ተከማችቶ ነበርና ገና ከግቢው ሳይወጡ ተጀመረ። መጋዘኖቹን አልፎ ያለው ሰፊ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ጥርስ ሠሪው እንደ ደንቡ ቀዘቀዘ፤ ሞተሯ እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ልትዞር ተዘጋጀች። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፋቸው። ከመስኮቱ አንዲት ባልቴት በሐዘኔታ አየቻቸው። ሚስቱ አገጯን ትከሻው ላይ አመቻችታ በጆሮው ተናገረች።

«ስማ፤ ይሄ ጎማ ዳርም አለው አይደል? ከፍለንበታል እኮ።»

ጉልበቷን አንዴ መታ አደረገ። እጁን ወደ መሪው መለሰና፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አጋደለ።