የውሃ ላስቲክ

ፍርሃት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። ፍርሃትን ያወቅሁት ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

ጭሮ ውስጥ ቤንዚን ወደ ሞተር የሚረጨውን የመኪና ኢንጀክተር አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ፈትሾ የሚመልስ ማነው ቢባል የሚነሳው ስም የኔ የህሩይ ነው። እዚህ ቤንዚን በአብዛኛው የሚገዛው ከመንገድ ዳር፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ስር የሚዘቅጠው ቆሻሻ ኢንጀክተር ይደፍናል፤ እኔም የምኖረው በዚያ ቆሻሻ ነው። የሙሜ አሮጌ ኮሮላም የመጣችው በዚሁ በሽታ ነበር፤ ዳገት ሲነካት ትንቀጠቀጣለች። ሙሜ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ሰው። የባለቤቱ የሹክሪያ እህት ከሚኤሶ ወዲያ ቦርደዴ ከተማ ወልዳ ስለነበር ቅዳሜ ሹክሪያንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ሊጠይቃት አስቧል። ቅዳሜ ትደርስልሃለች አልኩት። እኔ ይደርሳል ካልኩ ይደርሳል፤ ጉራዬን ከተማው ያውቀዋል።

አራቱን ኢንጀክተሮች አጠብኳቸው፤ እንደ አዲስ ረጩ። የቀረኝ ኦሪንግ ብቻ ነበር፤ ኢንጀክተሩ አንገት ላይ ገብታ ቤንዚኑ እንዳያፈስ የምትይዝ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት። የድሮዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ከአዳማ ያዘዝኳቸው ደግሞ አልደረሱም። ጭሮ የመኪና ዕቃ ቢጠፋ እንኳ የውሃ ፓምፕ ዕቃ አይጠፋም፤ ጫቱን የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ፓምፕ አለው። እኛ መካኒኮችም ከፓምፕ መበደር ለምደናል። ቡሎን ሲጠፋ የፓምፕ ቡሎን፣ ቺንጊያ ሲበጠስ የፓምፕ ቺንጊያ እንገጥማለን፤ መኪናውም ይሄዳል።

ስለዚህ የፓምፕ ዕቃ ከምትሸጠው ከሞሚና ሱቅ ገባሁና በልኩ አምስት ቀለበት መረጥኩ፤ አራቱ ለመኪናዋ፣ አንዷ ለመጠባበቂያ። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለኢንጀክተር አልኳት።

«ይሄ እኮ የውሃ ነው፣ ህሩይ» አለችኝ።

ሃያ ዓመት መፍቻ የያዝኩትን እኔን ላስቲክ ልታስተምረኝ! ደሜ ፈላ። አንቺ ዕቃሽን ሽጪ ብያት ወጣሁ። ገጠምኳቸው፤ ልክክ አሉ። ሞተሩን አስነስቼ አየሁት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም። ሙሜ ዙህር ሰግዶ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ፣ ድምፁን ሰማ፣ ደስ አለው። ቤንዚን ቢሸታችሁ የእጥበቱ ነው፣ እየለቀቀ ይሄዳል አልኩት። ሚስትና ልጆቹን ጭኖ ሄደ።

እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። አምስተኛዋ ቀለበት ጠዋት ከእጄ አምልጣ መፍቻ የማጥብበት የቤንዚን ጣሳ ውስጥ ገብታ ነበር። ሳወጣት አላወቅኋት። እንደ ተነከረ ባቄላ አብጣለች። በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርጋት ለሁለት ተከፈለች።

መኪናዋ ላይ የገጠምኳቸው አራቱም አሁን በዚህ ሁኔታ እያበጡ ነው። ሲቀደዱ ቤንዚኑ በግፊት ይረጫል፤ የሚረጨው ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል።

አሁን የማወራው አሳፋሪውን ነው። ስልኬን አወጣሁ፣ የሙሜን ስም አገኘሁት፣ አውራ ጣቴ እላዩ ላይ ቆመ። ደውዬ ምን ልለው ነው? ህሩይ የውሃ ላስቲክ ለቤንዚን ገጠመ ሊባል ነው? ሞሚና ሰምታ ልትስቅብኝ ነው? ደርሼባቸው በሆነ ዘዴ አስቆማቸዋለሁ፣ ምክንያት ፈጥሬ መኪናዋን እመልሳታለሁ አልኩ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩትና ሞተር ሳይክሌን አስነሳሁ።

የሚኤሶን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። በየመታጠፊያው አንድ የተቃጠለ ነገር እጠብቃለሁ። መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ካየሁ ፍጥነት እጨምራለሁ፤ ስጠጋ ጫት ሻጮች ናቸው። ቆላው ሲገለጥ ከሩቅ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። ያን ጊዜ ጮኼያለሁ፤ ማን ሰማኝ። ስደርስ አንድ ሽማግሌ የማሽላ አገዳ እያቃጠሉ ነበር። አንድ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ስልኩን ነካሁት። እውነቱን ልናገር፣ ያኔም አላወጣሁትም።

ሚኤሶ ከመግባቴ በፊት ኬላው ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል። ኮሮላዋ መሀላቸው ቆማለች፣ ሞተሯ እየሠራ። ከሞተር ሳይክሌ ሳልወርድ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከፊቷ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። በመስኮት እጄን ሰድጄ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ውረዱ አልኳቸው፤ ትንሿን ልጅ ራሴ ጎትቼ አወጣኋት። ሹፌሩን ሲጋራውን እንዲያጠፋ ለመንኩት። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ በቤንዚን ርሷል፤ ከአንደኛው ኢንጀክተር ስር ይንጠባጠባል።

ሙሜ አየውና ፊቱ አመድ መሰለ። ሹክሪያ ልጆቿን እቅፍ አድርጋ ታለቅሳለች። የያዘችውን ውሃ ሰጠችኝ፤ «አላህ ነው የላከህ» አለችኝ። ሙሜም ትከሻዬን ያዘና እንዴት አወቅህ ብሎ ጠየቀኝ። ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ትንሿ ልጅ ግን እያሳለች ቀና ብላ ታየኛለች፤ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ላስቲኩንም፣ ሞሚና ያለችኝንም፣ ጣሳ ውስጥ ያገኘሁትንም።

ሙሜ በስንት ሰዓት ነው ያወቅኸው አለኝ። ሰባት ተኩል ላይ አልኩት። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ተመለከተው።

«ስልኬ ክፍት ነበር እኮ፣ ህሩይ» አለኝ።

ሙሜ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ በመንገዱ ዳር ወደ ሚኤሶ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሹክሪያ ወደ እኔ መጣች፣ ውሃውን ከእጄ ወሰደች፣ ተከተለቻቸው።