ጋሼ ያፈረበት ጥያቄ

«እትዬ፣ ሻዩ ቀዘቀዘብዎ እኮ። አንድ ጉንጭ እንኳን ይጠጡ» አለቻት የወንድሟ ምራት።

በወንድሟ ለቅሶ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠግታ መለሰችው። ቁርጠቱ እንደገና መጣ፤ አጥብቆ ያዛት፣ ለቀቃት። ለቀስተኛው «ሐዘኑ አንጀቷን በላው» ይላል። እሷ ግን ፈርታለች። ይህን ቁርጠት ታውቀዋለች፤ ወንድሟን ሲጥለው አጠገቡ ነበረች።

ወንድሟ ጋሼ ርዕሰ መምህር ነበር። ለማስነጠስ እንኳን ከሰው መሀል ተነሥቶ የሚወጣ ጨዋ። ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሆዱ ተነፋ፤ የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰው። ሐኪሙ የድሮውን ጠባሳ ዳሰስ አድርጎ፣ «አንጀትዎ ከውስጥ ተጣብቆ መተላለፊያው ተዘግቷል። አንዳንዴ በራሱ ይፈታል፤ እምቢ ካለ ከፍተን እናላቅቀዋለን» አለው። በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር።

«ጋሼ፣ አየር ወጣ?»

ጋሼ ቀና ሲል ምራቱ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ነው።

«ወጥቷል» አለ።

አልወጣም ነበር። በምራቱ ፊት አፍሮ ነው። ሐኪሙም አየር ከወጣ አንጀቱ ሊፈታለት ነው ብሎ ጠበቀ። ጋሼ እውነቱን ለእህቱ በሹክሹክታ ሲነግራት ሆዱ ድንጋይ ሆኗል። ሮጣ ተናገረች፤ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት። የታነቀው አንጀት ግን ጠቁሮ ነበር።

እሷም ጠባሳ አላት፤ የመጨረሻ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደችበት። ዛሬ ጠዋት አስመልሷት ማንም ሳያይ አጥባ ተመለሰች። ተነሥታ ብትሄድ ሰው ምን ይላል? የወንድሟ አፈር እንኳን ሳይደርቅ! ደግሞ ያ የቀዶ ሕክምና ክፍል በር፣ ጋሼን አስገብቶ ያስቀረው በር፣ በዓይኗ ላይ ይሄዳል።

ምራቲቱ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አልቦዎታል። ምን ሆነዋል?»

«ምንም። ሐዘን ነው።»

ልክ እንደ ጋሼ አድርጋ መለሰች። ይህን ስታስብ ወደ ምራቲቱ ዞረች።

«ዋሸሁሽ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ሆዴ ተነፍቷል። ፈስ እንኳን እምቢ ብሎኛል።»

የጋሼ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ሽማግሌ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አፈረች፤ ፍርሃቷ ግን ከሀፍረቷ በለጠ።

«ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ ልጄ። እዚያ ደርሼ ደህና ነኝ ካልኩ አትመኚኝ፤ አንቺ ንገሪልኝ።»

የምራቲቱን እጅ ሳበችና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በተወጠረው ሆዷ ላይ አኖረችው።