ስኳር የሌለው ቁርስ

ባለቤቴ ሥጋ ሻጭ ነው። ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል፤ አንድ ኪሎ ብለህ ስታዘው ቢላዋውን አንዴ ያሳርፍና ሚዛኑ ላይ ሲያወጣው ልክ አንድ ኪሎ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አፌ ከስፌት መኪናዬ ይፈጥናል ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

ከሦስት ወር በፊት ከጤና ጣቢያ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ደሜ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሏል» አለኝ። «ገና በሽታው አልያዘህም፤ ግን ድንበሩ ላይ ነህ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ አሉኝ።» ክው አልኩ። እናቱን ያሳወራቸው ስኳር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ይዞ ወደ ደጅ ሲያወጣቸው፣ እጃቸውን ይዞ ሲያስገባቸው የኖረው እሱ ነው። ቢላዋ ይዞ የሚውል ሰው ዓይኑ ከደከመ ምን ይሆናል? ደግሞስ እኔ ያለ እሱ ምን ልሆን ነው? ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ የሰው ቀሚስ በእንባ አረጠብኩ።

በአራተኛው ቀን ተነሳሁ። ስሙ ራሱ ስኳር አይደል? እንግዲያው ጠላቴን አውቄዋለሁ አልኩ። ቤት ያለውን ስኳር ጠራርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ማሩን፣ ብስኩቱን፣ ለእንግዳ የደበቅኳትን ከረሜላ ሳይቀር። ሻዩን መራራውን ይጠጣ። ዳቦም ቀነስኩበት፣ ሲያኝኩት ይጣፍጣልና። ታዲያ ሰውዬው ምን ይብላ? ስኳር የሌለበት ነገር ነዋ፤ እንቁላልና ሥጋ። እንቁላል ውስጥ ስኳር ያየ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ ብዬ ፎከርኩ።

ጠዋት አራት እንቁላል በቅቤ ጠብሼ አቀርባለሁ። ማታ ደግሞ እሱ ከሱቁ ይዞ የሚመጣውን ቀይ ሥጋ። «ጨምር እንጂ፣ ጉልበት ይሆንሃል» እለዋለሁ፤ እሱም ሳህኑን ጠርጎ ይበላልኛል። እኔም ልቤ ረጋ፤ እየጠበስኩ ማንጎራጎር ሁሉ ጀመርኩ። ምን ልደብቅ፣ ባሌን በእጄ እያዳንኩት ነው ብዬ አምኛለሁ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ አብሬው ሄድኩ፤ የምስራች እንደሚሰማ ሰው ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ። ነርሷ ልጃችን የምትሆን ናት። ወረቀቱን ከፊተኛው ጋር አስተያየችና «ትንሽ ጨምሯል አባቴ፤ ክብደትዎም ጨምሯል» አለች።

«አይሆንም» አልኳት። «መሣሪያችሁን እዩት። ስኳር ሦስት ወር ሙሉ የቤቴን ደጃፍ አልረገጠም።»

«ምን ምን ይመገባሉ?»

በኩራት ዘረዘርኩላት፤ እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ቅቤውን። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

«እናቴ፣ ስሙ ነው ያታለለዎት። ስኳር የምንለው ደም ውስጥ የሚበዛውን ነው እንጂ ጣሳ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም። ጣፋጩን መቀነስዎ ጥሩ ነው። ግን ቀይ ሥጋ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ይሄ በሽታ በዛ ብሎ ይታያል። የእንቁላሉን ነገር አጥኚዎቹም ገና አልተስማሙበትም፤ አንዱ በየቀኑ ሲበዛ ያሰጋል ይላል፣ ሌላው ችግር የለውም ይላል። በልክ ከሆነ እኔም አልከለክልም። እሳቸው ባቄላ፣ ምስር፣ አትክልት ይብሉ፤ በእግራቸው ይሂዱ። ድንበሩን ገና አላለፉም፣ ሌላ ሦስት ወር እንሞክር።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ግን አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ባለፈው ነግሬዎት ነበር እኮ። ወረቀትም ሰጥቼዎታለሁ።»

ባሌ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም። እሱ የሚፈራኝ ስጮህ አይደለም፣ ዝም ስል ነው። በሩን ዘግቼ «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅክ ትበላ ነበር?»

የስፌት ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ቀን ስታለቅሺ ቤቱ ጨለመብኝ። በአራተኛው ቀን እንቁላል እየሰበርሽ ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽ። አዳንኩት ብለሽ ደስ ብሎሻል። የምታበስይልኝ ነገር ነው የሚጎዳኝ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ወር ሄደ።»

አንጀቴን በላኝ፤ ግን ንዴቴ ቀደመ። «አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «በገዛ እጄ እንድጎዳህ ነው የተውከኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ከፈለግኩ ዓመት ላልቅስ፣ አንተ እውነቱን ንገረኝ። ለእንባዬ መሀረብ አለኝ፤ ለአንተ ምትክ የለኝም።» ተነስቶ አቀፈኝ፤ ደረቱን በጡጫ መታሁትና እዚያው ተደግፌ ቀረሁ።

ማታ ምስር ቀቀልኩ፣ ጎመን አበሰልኩ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ጎመኑ አረረብኝ። አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ምግቤን አንድ ቀን እንኳ አልነቀፈም፤ ያረረውንም ያልበሰለውንም «እጅሽ ይባረክ» እያለ ነው የበላው።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

አኘከ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አኘከ። «ጨው አንሶታል» አለ ቀስ ብሎ። «ጎመኑም አርሯል። ምስሩ ግን... ምስሩም አይጥምም።»

በሳቅ ፈረስኩ፤ በሳቁ መሃል እንባዬ መጣ። እሱ ደንግጦ «ይቅርታ፣ እንደው ዝም ብዬ ነው» ይላል።

«ያልከውን እንዳታጥፍ» አልኩት። «እንዲህ ነው እንጂ። ሌላስ ምን አለ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሌላማ» አለ፣ «ፈርቻለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ዓይኔ ማየቱን ማረጋገጥ ነው።»

በሦስት ወር ውስጥ ይሄን ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ወንበሬን ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩና «እኔም ፈርቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ያረረውን ጎመን ለሁለት ጨረስነው።